ከሕክምና ምርመራ በፊት የሚመጣን ጭንቀት በአስተውሎት ማርገብ፦ ከቀጠሮው ሳምንት እስከ ውጤቱ

ቅድመ ምርመራ የሚታዘዘው ብዙ ጊዜ ምንም ለማያመው ሰው ነው። የጡት፣ የማህፀን በር፣ የትልቁ አንጀት ምርመራ ዓላማው በሽታው ምልክት ከማሳየቱ በፊት መድረስ ነውና። ጭንቀቱም ከዚሁ ይመነጫል። ደህና ውሎ ደህና የሚያድር ሰው ቀጠሮ ከያዘባት ሰዓት ጀምሮ «ምን ይገኝብኝ ይሆን?» የሚል ጥያቄ ተሸክሞ ይዞራል። አንዳንዱ ቀጠሮውን ያራዝማል፤ ሲያራዝም ለጊዜው ይቀለዋል፣ ፍርሃቱ ግን ለሚቀጥለው ቀጠሮ በርትቶ ይመጣል።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር አስተውሎት ወይም ማይንድፉልነስ በሚባለው ልምምድ ላይ የቆመ ነው። ልምምዱ ወደ ሆስፒታል በሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት ዚን በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል በጀመሩት ፕሮግራም ሲሆን፣ ኮርሱ 8 ሳምንት ይፈጃል። ለአንድ ቀጠሮ ያን ያህል አያስፈልግም። ከ7 እስከ 10 ቀን በየዕለቱ ከተለማመዱ በምርመራው ክፍል ውስጥ የሚይዙት ነገር ይኖርዎታል። በቀጠሮው ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ መሞከር ግን ብዙም አይጠቅም፤ ያልለመዱትን ነገር ልብ እየደለቀ መማር ከባድ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይታወቅ፦ አስተውሎት ፍርሃትን አያባርርም። የሚያለማምደው ፍርሃቱ እዚያው እያለ ትኩረትን ሌላ ቦታ ላይ ማሳረፍን ነው። ጭንቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ይረግባል፤ የሚረግበው ግን «ቀነሰልኝ ወይስ አልቀነሰም?» እያሉ መለካቱን ሲተዉ ነው።

ሰውነት ውስጥ የሚሆነው

ሥጋት ሲገባን አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን ይረጫል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ እጅ ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ቶሎ ቶሎ በተነፈሱ ቁጥር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ውስጥ ከሚገባው በላይ ተጠርጎ ይወጣል። ራስ ማዞሩ፣ የጣትና የከንፈር መደንዘዙ፣ «አየር አነሰኝ» የሚያሰኘው ስሜት በአመዛኙ የዚህ ውጤት ነው። ሰውየው ግን ምክንያቱን ስለማያውቅ «አንድ ነገር ልሆን ነው» ብሎ ይብሱን ይፈራል፤ ሲፈራ ትንፋሹ ይበልጥ ይፈጥናል።

መውጫው በትንፋሽ ማስወጫው በኩል ነው። አየር ስናስገባ የልብ ምት ትንሽ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ዝግ ይላል። ስለዚህ ከታች ባሉት ልምምዶች ማስወጣቱ ሁልጊዜ ከማስገባቱ ይረዝማል። «በደንብ ተንፍስ» የተባለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ደረቱን ነፍቶ ብዙ አየር ይስባል፣ ማዞሩም ይብስበታል።

የቤት ልምምድ

በቀን 10 ደቂቃ፣ ቢቻል በአንድ ሰዓት ላይ። በወንበር ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ አልጋ ላይ እንቅልፍ ይወስዳል፣ ደግሞም በቀጠሮው ቀን የሚጠብቁት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው።

1. የስልኩን ማንቂያ 10 ደቂቃ ላይ ሞልተው ከዓይንዎ ያርቁት። ሰዓት እያዩ መለማመድ ሰዓት ማየትን ብቻ ያስተምራል።

2. ሁለቱንም እግር መሬት ላይ ያሳርፉ፣ ጀርባዎን ያቅኑ፣ ትከሻዎን ወደ ታች ይልቀቁ። መንጋጋዎን ይፈትሹ፤ ጥርስዎ ተነካክቶ ከሆነ ያላቁት።

3. ለመጀመሪያዎቹ 2 ደቂቃዎች በአፍንጫዎ እስከ 4 እየቆጠሩ ያስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ያስወጡ። ቁጥሩን በሰከንድ ልክ ከያዙት በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል። ከከበደዎት በ3 ያስገቡና በ4 ያስወጡ። ዋናው የማስወጣቱ መርዘም እንጂ ቁጥሩ አይደለም።

4. ከዚያ መቁጠሩን ይተዉና ትንፋሹን እንደ ልማዱ ይልቀቁት። ትኩረትዎን አንድ ማረፊያ ላይ ያድርጉ፦ አየሩ አፍንጫ ላይ ሲያልፍ የሚሰማው ቅዝቃዜ፣ ወይም የሆድ ከፍ ዝቅ ማለት፣ ወይም እግር መሬቱን የሚነካበት ቦታ። አንዱን ይምረጡና በየቀኑ ያንኑ ይያዙ።

5. ሐሳብ ይወስድዎታል። ሲነቁ በአንድ ቃል ስም ይስጡት፤ «ሥጋት»፣ «ዕቅድ»፣ «ትዝታ»። ከዚያ ወደ ማረፊያው ይመለሱ። በ10 ደቂቃ ውስጥ 30 ጊዜ ቢመለሱ 30 ጊዜ ተለማመዱ ማለት ነው፤ ልምምዱ መመለሱ ራሱ ነው።

6. ማንቂያው ሲጮኽ ወዲያው አይነሡ። የክፍሉን ድምፅ፣ የወንበሩን ጥንካሬ፣ የእጅዎን ሙቀት ለጥቂት ሰከንድ ያስተውሉ።

በየሁለት ቀኑ ደግሞ በጀርባዎ ተኝተው ለ15 ደቂቃ ሰውነትዎን ከእግር ጣት እስከ ራስ ይቃኙ። በእያንዳንዱ ክፍል ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይቆዩ፦ ጣት፣ ተረከዝ፣ ባት፣ ጉልበት፣ ጭን፣ ዳሌ፣ ሆድ፣ ደረት፣ እጅ፣ አንገት፣ ፊት። ሙቀት፣ ክብደት፣ ማሳከክ፣ ወይም «ምንም አይሰማም» የሚለው ራሱ ይያዛል። የሚመረመረው የሰውነት ክፍል ላይ ሲደርሱ ቸኩለው እንዳያልፉ፣ ተጨማሪም እንዳይቆዩ፤ ከጉልበቱ ጋር እኩል ጊዜ ይስጡት። ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ትሠራለች፤ ጡት ወይም ሆድ «የሥጋት ቦታ» መሆኑ ቀርቶ እንደ ሌላው አካል መሆን ይጀምራል።

ከአራተኛው ቀን በኋላ ልምምዱን በምርመራው አኳኋን ያድርጉት። ለኤምአርአይ (ጠባብ ቱቦ በሚመስል መሣሪያ ውስጥ ተኝተው በማግኔት ለሚነሡት ምስል) ከሆነ በጀርባ ተኝተው፣ እጅን ከጎን አድርገው፣ ዓይን ጨፍነው 20 ደቂቃ ሳይንቀሳቀሱ ይቆዩ። ለማህፀን በር ምርመራ ከሆነ ጉልበትን አጥፈውና ጭንን ለቀው ይለማመዱ።

የሚበላሸው የት ላይ ነው?

ብዙዎች ልምምዱን የሚተዉት በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ነው፤ ምክንያታቸውም አንድ ነው፦ «አእምሮዬ ባዶ ሊሆንልኝ አልቻለም»። ባዶ እንዲሆን የጠየቀ የለም። አእምሮ ያስባል፤ እርስዎ ማስተዋልና መመለስ ብቻ ነው የሚጠበቅብዎት።

ሁለተኛው ስህተት ከዚህ ይረቃል። ሰው ልምምዱን ጭንቀት ማባረሪያ ያደርገዋል፣ በየደቂቃውም ሄዷል ወይ ብሎ ያረጋግጣል። ጭንቀት ፈልጎ የሚቃኝ ትኩረት ጭንቀት ማግኘቱ አይቀርም። መድኃኒቱ ፍርሃቱን እንደ ሰውነት ስሜት መያዝ ነው፤ «ደረቴ ላይ ጥብቅ ያለ ነገር አለ፣ ሆዴ ይላወሳል፣ መዳፌ ላብ አለው»። ይህ «ፈርቻለሁ፣ ካንሰር ይሆናል፣ ልጆቼስ?» ከሚለው ይለያል። የመጀመሪያው አሁን ያለ ነው፤ ሁለተኛው ወደፊት የተጻፈ ታሪክ ነው።

ሦስተኛ፣ ለአንዳንድ ሰው ትንፋሽን ማስተዋል ራሱ ያስጨንቃል። አስም ያለበት፣ ድንገተኛ የድንጋጤ ሕመም የሚመጣበት፣ ታፍኖ የሚያውቅ ሰው ትንፋሹን ባየ ቁጥር ይወጠራል። እንዲህ ከሆነ አያስገድዱት። ማረፊያውን ወደ እግር መዳፍ፣ ወደ እጅ ጣቶች ወይም ወደ ውጭ ድምፅ ያዛውሩ። ከባድ ጥቃት ወይም አደጋ ያሳለፈ ሰው ዓይኑን ገልጦ፣ እይታውን አንድ ነገር ላይ አሳርፎ፣ በ2 እና በ3 ደቂቃ ቢጀምር ይሻለዋል። በልምምዱ መሃል ያለፈው ነገር ጎርፍ ሆኖ ከመጣ ማቆም ትክክል ነው።

ወደ ክሊኒኩ አስቀድሞ መደወል

አእምሮ የማያውቀውን ክፍተት በመጥፎ ግምት ይሞላል፤ ይህን ደግሞ ልምምድ ብቻውን አይዘጋውም፣ መረጃ እንጂ። ከቀጠሮው ሦስት አራት ቀን በፊት ደውለው ይጠይቁ፦ ከመግባት እስከ መውጣት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ከዚያ ውስጥ የማይመቸው ስንት ሰከንድ ወይም ደቂቃ ነው? በመሃል ማቆም ይቻላል? ምልክቱስ ምንድን ነው? አጃቢ መግባት ይችላል? በባዶ ሆድ ነው? ውጤቱ መቼና በምን ይነገረኛል? መልሶቹን ይጻፉ። የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ወይም በየቀኑ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ፣ በምርመራው ቀን ምን እንደሚያደርጉ በዚያው ጥሪ ይጠይቁ፤ በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ።

ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት ላይ መፈለጉን ያቁሙ። መረጃ መሰብሰብና ሥጋት ማብላላት ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። መለያው ቀላል ነው፦ አዲስ የሚሠሩበት ነገር ካላገኙ ማብላላት ነው።

ዋዜማውና ጠዋቱ

ልብሱን፣ የቀጠሮ ወረቀቱን፣ የቀድሞ ውጤቶችን በዋዜማው አንድ ቦታ ያኑሩ። እንቅልፍ እምቢ ካለ «መተኛት አለብኝ» እያሉ ከመታገል፣ ተኝተው ሰውነትን መቃኘት ይሻላል፤ እንቅልፉ ካልመጣም ዕረፍቱ አይቀርም። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታልና ከሰዓት በኋላ ቡናም ጠንካራ ሻይም ይቅር። ጠዋት ላይም የልብ ምት የሚያፈጥን መጠጥ ጭንቀትን ይመስላል፤ ሰውየው የቡናውን የልብ ትርታ እንደ ፍርሃት ይቆጥረዋል።

ከቀጠሮው ሰዓት 15 ደቂቃ ቀድሞ መድረስ ጥሩ ነው። አንድ ሰዓት ቀድሞ መድረስ ግን መጨነቂያ ጊዜ መግዛት ነው።

መጠበቂያ ክፍል ውስጥ፣ 3 ደቂቃ

አንደኛው ደቂቃ፦ አሁን ምን አለ? ሐሳቡን፣ ስሜቱን፣ ሰውነቱን ሳያስተካክሉ ይመልከቱ። «ሥጋት አለ፣ ሆድ ተወጥሯል፣ መውጣት ፈልጌአለሁ» ብሎ መሰየም ይበቃል። ሁለተኛው ደቂቃ፦ በ4 ማስገባት፣ በ6 ማስወጣት። ሦስተኛው ደቂቃ፦ ትኩረቱን ወደ መላው ሰውነት ያስፉ፤ ወንበሩ፣ ወለሉ፣ ልብሱ ቆዳን የሚነካበት ቦታ። ዓይን መጨፈን አያስፈልግም፤ ማንም አያውቅብዎትም። ስምዎ እስኪጠራ በየ10 ደቂቃው ሊደግሙት ይችላሉ።

ፍርሃቱ ከዚህ በላይ ከሆነና ሐሳብዎ አልያዝ ካለ ትኩረትዎን በዙሪያዎ ወዳለው ነገር ያውጡ፦ የሚያዩትን 5፣ የሚነኩትን 4፣ የሚሰሙትን 3፣ የሚያሸቱትን 2፣ የሚቀምሱትን 1 ነገር በልብዎ ይጥሩ። በዝግታ።

እንደየምርመራው

*የደም ግፊት።* ግፊቱ በሐኪም ፊት ሲለካ ብቻ የሚጨምርበት ሰው ብዙ ነው። ከልኬቱ በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡና፣ ሲጋራና እንቅስቃሴ አይኑር፤ ሽንት ቤት ይሂዱ፤ ጀርባን አስደግፈው፣ እግር ሳያነባብሩ 5 ደቂቃ በጸጥታ ይቀመጡ። ክንድዎ በልብ ትይዩ ተደግፎ ይለካ፤ ሲለካ አያውሩ። አምስቱን ደቂቃ የእግር መዳፍን ለማስተዋል ይጠቀሙበት።

*ደም መቀዳት።* እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ብዙ መመሪያዎችም ይዘሉታል። መርፌ ወይም ደም ሲያይ የሚጨነቅ ሰውና ራሱን የሚስት ሰው አንድ ዓይነት ምክር አይሰጣቸውም። ራስን መሳት የሚመጣው የደም ግፊትና የልብ ምት ድንገት ሲወርዱ ነው፤ ማዛጋት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ የዓይን መጨለም ይቀድሙታል። ለእንዲህ ያለ ሰው ሰውነትን ማላላትና ትንፋሽን ማዘግየት ግፊቱን ይበልጥ ሊያወርድ ይችላል። የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው፦ የእግር፣ የሆድና የማይወጋውን ክንድ ጡንቻ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ፣ ፊት ሞቅ እስኪል፣ አጥብቆ መወጠር፤ ከዚያ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ መልቀቅ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አለመዝለፍለፍ፤ ይህን 5 ጊዜ መደጋገም። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያዳበረው ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ላርስ ጎራን ኦስት ነው። ከዚህ በፊት ራስዎን ስተው የሚያውቁ ከሆነ ለነርሷ ይንገሯትና ተኝተው ይቀዱ።

*ማሞግራም (የጡት ራጅ)።* አብዛኛውን ጊዜ ለእያንዳንዱ ጡት 2 ምስል ይነሣል፤ ጡቱ በሰሌዳ የሚጫንበት ጊዜ በእያንዳንዱ ጥቂት ሰከንድ ነው። የወር አበባ የሚያዩ ከሆነ ቀጠሮው የወር አበባው ካለፈ በኋላ ባለው ሳምንት ቢሆን ጡቱ ሲነካ ብዙም አያምም። በዕለቱ ዲዮድራንትና ፓውደር አይቀቡ፤ ቅንጣቶቹ ምስሉ ላይ ነጠብጣብ መስለው ይታያሉ። ሰሌዳው ሲወርድ ትከሻ ወደ ጆሮ ይነሣል፣ ይህም ደረትን ስለሚወጥር ጫናውን ያብሳል። ከመጫኑ በፊት በረጅሙ አስወጥተው ትከሻዎን ይጣሉ፤ ሲጫን «ጫና... ቅዝቃዜ... ጫና» እያሉ ስሜቱን በልብዎ ይሰይሙ። ባለሙያዋ ትንፋሽ ያዙ ስትል ብቻ ይያዙ። ሕመሙ ከመሸከም በላይ ከሆነ ይናገሩ።

*የማህፀን በር ምርመራ።* የሚያሳምመው በብዛት የዳሌ ጡንቻ መጠበቁ ነው። ስፔኩለሙ (የማህፀን በር እንዲታይ ብልትን ከፈት የሚያደርገው መሣሪያ) ሲገባ ትንፋሽ መያዝ ጡንቻውን ይቆልፋል፤ አፍን ጠበብ አድርጎ ቀስ ብሎ ማስወጣት ይፈታዋል። ትኩረትዎን መቀመጫዎ አልጋውን በሚነካበት ቦታ ላይ ያድርጉ። አነስ ያለ ስፔኩለም መጠየቅ፣ ራስዎ ላስገባው ማለት፣ «አቁሚ» ማለት መብትዎ ነው። ናሙናው የሚወሰደው በደቂቃዎች ውስጥ ነው።

*ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ማየት)።* እንደ እውነቱ ከሆነ ከምርመራው ይልቅ የዋዜማው አንጀት ማጽዳት ይከብዳል፤ ምርመራው በአብዛኛው ማደንዘዣ ወይም ማስተኛ ተሰጥቶ ይካሄዳልና። ስለዚህ አስተውሎቱን አንጀት ለሚያጸዳው መጠጥ ያድርጉት። ሙሉውን ጆግ አይመልከቱ፤ የያዙትን ብርጭቆ ብቻ። በእያንዳንዱ ጉንጭ መካከል አንድ ረጅም ትንፋሽ ያስወጡ። ሐኪሙ ካልከለከለ መጠጡን ማቀዝቀዝ መጥፎ ጣዕሙን ይቀንሰዋል። የተሰጠዎትን ሰዓትና መጠን ግን አያሻሽሉ፤ በደንብ ያልጸዳ አንጀት ምርመራውን እንደገና ያስደርጋል። ማስተኛ ከተሰጠዎት ወደ ቤት የሚያደርስ ሰው ያዘጋጁ።

*ኤምአርአይ።* ጠባብ ቦታ የሚፈራ ሰው ዝግጅቱን አጥብቆ ያድርግ። ምርመራው እንደ ክፍሉ ከ15 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይቆያል፤ የጆሮ መከላከያ ይሰጣል፣ በእጅ የሚጨበጥ የጥሪ ፊኛም አለ። ከመግባትዎ በፊት ፊኛውን አንድ ጊዜ ተጭነው ድምፁን ይስሙ፤ መውጫው በእጅ እንዳለ ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው።

ዓይንዎን አልጋው መንቀሳቀስ ከመጀመሩ በፊት ይጨፍኑ፣ ጨርቅም ይሸፈንልዎ፤ እስኪወጡም አይግለጡ። ብዙ ሰው የሚደነግጠው ውስጥ ገብቶ ዓይኑን ሲገልጥና ጣሪያው ፊቱ ላይ መሆኑን ሲያይ ነው። ደረት ወይም ሆድ የሚነሣ ከሆነ ጥልቅ ትንፋሽ ምስሉን ያደበዝዛል፤ ስለዚህ ለስላሳና እኩል ትንፋሽ ይያዙ፣ ማረፊያዎም እግር ይሁን። ባለሙያው በድምፅ ማጉያ «ይህኛው 4 ደቂቃ ነው» እያለ እንዲነግርዎ ይጠይቁ፤ 40 ደቂቃ አንድ ላይ ይከብዳል፣ 4 ደቂቃ ይቻላል።

ጩኸቱን አይታገሉት። ማረፊያ አድርጉት፦ መቼ ጀመረ፣ ምቱ ፈጣን ነው ወይስ ዝግ፣ መቼ ተለወጠ፣ በመሃል ያለው ጸጥታ ስንት ትንፋሽ ያህል ነው? ከበሮ እንደሚሰማ ሰው ምቱን መከተል ይበቃል። አፍንጫ ማሳከክ ሲጀምር ማሳከኩን ራሱን ያስተውሉ፤ ያይላል፣ ይቀያየራል፣ ብዙ ጊዜም ይጠፋል።

ድንጋጤ ከመጣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የእግር ጣቶችን በሐሳብ መፈለግ፤ አንድ ረጅም ማስወጣት፤ «ይህ አድሬናሊን ነው፣ ይወርዳል» ማለት። የድንጋጤ ማዕበል በደቂቃዎች ውስጥ ጫፉ ላይ ደርሶ ይወርዳል። ካልወረደ ፊኛውን ይጫኑ። ይህ ሽንፈት አይደለም፤ ወጥተው፣ ተረጋግተው እንደገና መግባት ይቻላል።

ውጤት መጠበቅ

ለማብላላት ሰዓት ይወስኑለት፤ ለምሳሌ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ 15 ደቂቃ። ሥጋቱ በሌላ ሰዓት ሲመጣ «ለ12 ሰዓት» ብለው ይጻፉትና ወደ ማረፊያው ይመለሱ። የመኝታ ሰዓት ግን ለዚህ አይሆንም። ለድጋሚ ምስል ቢጠሩም ወዲያው መጥፎውን አይያዙ፤ ከማሞግራም በኋላ እንደገና ከሚጠሩት ሴቶች ካንሰር የሚገኝባቸው ከ10ሩ ከአንዷ ያነሱ ናቸው። አብዛኛው ጥሪ ምስሉ ግልጽ ስላልሆነ ወይም ሌላ አቅጣጫ ስለተፈለገ ነው። ውጤቱ በተባለው ቀን ካልደረሰ በማግሥቱ ይደውሉ፤ «ዝም ካሉ ደህና ነው» ማለት አይቻልም።

ይህ ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ

በፍርሃት ምክንያት ቀጠሮ ደጋግመው የሠረዙ፣ ለሳምንታት እንቅልፍ ያጡ፣ ወይም ምርመራው ያለፈ ጥቃትን የሚቀሰቅስባቸው ሰዎች ለሐኪማቸው በግልጽ ይናገሩ። የንግግር ሕክምና፣ በሴት ባለሙያ መመርመር፣ ረዘም ያለ የቀጠሮ ሰዓት፣ ለአንድ ቀን የሚታዘዝ ማረጋጊያ መድኃኒት አሉ። የሌላ ሰው ማረጋጊያ ተበድሮ መዋጥ አደገኛ ነው፤ በተለይ በምርመራው ላይ ማስተኛ የሚሰጥ ከሆነ ሁለቱ ተደርበው ትንፋሽን ያዳክማሉ። የታዘዘልዎትን ከወሰዱም ለመርማሪው ባለሙያ አስቀድመው ይንገሩ፣ በዚያን ቀን መኪና አይንዱ።